የሩብ ዙር ስሕተት፦ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ

ማክሰኞ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደጀን

ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አንድ ትንሽ ሻንጣና አንድ የወረቀት አቃፊ ይዤ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ከዋዜማው ጀምሮ ለሦስት ሰው ደውዬ አረጋግጫለሁ። የምሄደው ወደ ደብረ ማርቆስ ነው። እዚያ ባለ አንድ የትምህርት ተቋም ለፊዚክስ ረዳት መምህርነት አመልክቼ ነበርና ዓርብ ጠዋት በሦስት ፈታኞች ፊት የሙከራ ትምህርት እንድሰጥ ተጠርቻለሁ። ርእሱን የወሰድኩት ከመመረቂያ ጽሑፌ ነው፤ በአንድ ስስ ወለል ላይ ብቻ መንቀሳቀስ በሚችሉ ኤሌክትሮኖች ላይ የማይክሮዌቭ ጨረር ሲያርፍ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሳቸው፣ ማለትም ጅረት እንደ ልቡ እንዳያልፍ የሚገታው ባሕርይ፣ እንዴት ይለዋወጣል የሚል። የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ከሳምንት በፊት ልኬላቸዋለሁ።

የምፈራው ርእሱን አልነበረም። በሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። የመመረቂያ ጽሑፌን ያቀረብኩት ወረቀቱ ላይ አቀርቅሬ ከዳር እስከ ዳር በማንበብ ነው። አማካሪ መምህሬ ሥራውን ካመሰገኑ በኋላ፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖሩን የማላውቅ እንደምመስል ነገሩኝ። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በታላቅ እህቴ ቤት ሆኜ የጎረቤት ልጆች አስጠናለሁ። ከላክኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ መልስ ያገኘሁት ከደብረ ማርቆስ ብቻ ነው።

አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተነሣ። ከሱሉልታ በኋላ ሜዳው ሰፋ፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ በየማሳው ጠርዝ የኑግ አበባ እንደ ቢጫ ጥለት ተዘርግቷል። ፍቼ ላይ ለቁርስ ወረድን። አንድ ብርጭቆ ሻይና አንድ ዳቦ አርባ ብር ከፈልኩ። ከጎሐ ጽዮን በኋላ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል መጠምዘዝ ሲጀምር ጆሮዬ ተደፈነ፤ ሙቀቱም በመስኮት ገባ። ከባድ መኪኖች ከታች ሽቅብ እያቃሰቱ ይመጣሉ። ሹፌራችን በየጠመዝማዛው ጥሩምባ እየነፋ ያሳልፋቸው ነበር፤ አንድም ጊዜ ሳይቸኩል። በመንገዱ ዳር የተደረደሩት ዝንጀሮዎች ግን ለማንም መንገድ አይለቁም።

ጎኔ የተቀመጡት ወይዘሮ አለሚቱ ይባላሉ፤ ደጀን ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ማጠቃለያዬን አውጥቼ ሳነብ መሐሉ ላይ ያለውን ሞገደኛ መስመር በጣታቸው ተከተሉት።

«የዓባይ መንገድ ሥዕል ነው?»

«አይደለም፤ ስለ ማይክሮዌቭ ነው።»

«ምግብ ማሞቂያው?»

እውነቱን ማስረዳት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር። ማሞቂያው ውስጥ ያለውም ጨረር ከተመሳሳዩ ወገን ነው ብዬ ልቀጥል እችል ነበር። «አዎ፣ እሱ» አልኩ።

«ታዲያ እሱን ለመጠገን ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው? የኛ ሰፈር ጎረምሳ በአንድ ቀን ነው የለመደው።»

ከኋላችን ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁና ወረቀቱን አጥፌ አቃፊው ውስጥ ከተትኩት። ስለ ትምህርቴ ስጠየቅ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው። ወይዘሮ አለሚቱ ግን ያላቸውን ቆሎ ግማሹን በመዳፌ አፈሰሱልኝ። ደጀን ስንደርስም የራሳቸውን ዕቃ ለወዛደሮች ትተው ወደ ደብረ ወርቅ የሚሄደው ሚኒባስ ጋ ወሰዱኝ፤ ከታሪፍ በላይ የጠየቀኝን ረዳት ተቆጡልኝ፤ ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበርም አስለቀቁልኝ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ነው።

ማክሰኞ ማምሻ፤ ደብረ ወርቅ

ደብረ ወርቅ በመንገዴ ላይ አልነበረችም። እህቴ «አጎታችንን ሳታዪ እንዳታልፊ» ስላለችኝ ነው ከደጀን ወደ ሰሜን የታጠፍኩት። የእናታችን ወንድም በከተማዋ ጠርዝ አቋቋም የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። አቋቋም በማኅሌት ላይ መቋሚያ፣ ጽናጽልና ከበሮ ከዜማው ጋር እንዴት እንደሚሄዱ የሚጠናበት ትምህርት ነው። እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸዋለሁ።

ከቢቸና በኋላ በስተግራ የጮቄ ተራራ ጫፉን ደመና ለብሶ ታየ። ሚኒባሱ ከዋናው መንገድ ላይ ካወረደኝ በኋላ በስንዴ ማሳዎች መካከል በእግር መንገድ ሃያ ደቂቃ ያህል ሄድኩ። የተማሪዎቹ ጎጆዎች ከሩቅ ታዩኝ፤ ትንንሽ ናቸው፤ እያንዳንዱን የሠራው የሚያድርበት ተማሪ ነው።

የኔታ በድምፄ አወቁኝ፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። በሶ በማር በጥብጠው ሰጡኝና የመጣሁበትን ጠየቁኝ። ስለ ፈተናው፣ ስለ ድምፄም ነገርኳቸው። ነገ በዕረፍት ሰዓት ለተማሪዎቻቸው ትምህርቴን እንድነግር አዘዙኝ። አልችልም አልኩ። ጉባኤው ከደጅ፣ ከወይራው ሥር ስለሆነ ሴት መሆኔ እንደማይከለክለኝ ነገሩኝ። የከለከለኝ ሌላ ነገር መሆኑን እያወቁ ነው።

ረቡዕ፤ ከወይራው ሥር

ወቅቱ ጽጌ ነውና ተማሪዎቹ ለሳምንቱ ማኅሌት ይዘጋጁ ነበር። ጠዋት ላይ አሥራ ሁለት ጎልማሶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆሙ። መቋሚያቸውን በዜማው ልክ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ያወዛውዛሉ፤ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ያነሣሉ። የኔታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከአሥራ ሁለቱ የአንዱ ጽናጽል ቢቸኩል እጃቸውን ያነሣሉ፤ ሁሉም ይቆማል፤ የተሳሳተውን በስሙ ይጠሩታል። አንድም ጊዜ ስም ሲስቱ አላየሁም። ሰዓቱን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

አምስት ሰዓት ላይ ዕረፍት ሆነ። የኔታ ከጎናቸው አስቀመጡኝና የቤቱን ደንብ ነገሩኝ። እዚህ መምህር አንድ ነገር ሲናገር ተማሪ ያንኑ ይመልሳል፤ ያልተመለሰ ነገር እንደተነገረ አይቆጠርም። የሚመልሰው ስመኘው የተባለ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ዲያቆን ነው። ሰባት ዓመት እዚህ ተቀምጧል፤ ታናናሾቹን የሚያስጠናውም እሱ ነው።

ጀመርኩ። ድምፄ ለራሴም አይሰማም ነበር። ስመኘው ግን ጆሮውን አዘንብሎ ሰማና የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብሎ መለሰ፤ «ይ... ይኸውም» ብዬ የተንተባተብኩትን ጭምር ሳያስቀር። ሁሉም ሳቁ። የኔታም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ በኋላ መናገር ቀለለኝ።

ጥንቃቄ ይዤ ቀጠልኩ። ሁለት ዓይነት ቁሶች በጣም ንጹሕ ሆነው አንዱ በሌላው ላይ ሲነጠፉ ኤሌክትሮኖች በመካከላቸው ባለው ስስ ወለል ይታሰራሉ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ይሄዳሉ፤ ወደ ላይና ወደ ታች መንገድ የላቸውም። ቁሱ በየትኛውም አገር ውርጭ ከማይታወቅ ብርድ ውስጥ ገብቶ ማግኔት ሲቀርብለት ኤሌክትሮኖቹ በአውድማ ላይ እንዳሉ በሬዎች ክብ ይዞራሉ። ማግኔቱ ሲበረታ ዙራቸው ይፈጥናል፤ ሲላላ ይዘገያል። በዚህ ላይ ማይክሮዌቭ ሲበራባቸው፣ እሱም የራሱ ምት ያለው ጨረር ነው፣ ጅረቱን የሚገታው እንቅፋት በአንድ ቦታ ከፍ፣ በሌላ ቦታ ዝቅ ይላል። ቁሱ እጅግ ንጹሕ ከሆነ ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ እንቅፋቱ ፈጽሞ የጠፋ እስኪመስል ይወርዳል። መሣሪያውን በዓይኔ አይቼው እንደማላውቅ፣ ሥራዬ ሌሎች የለኩትን በኮምፒውተር ማስላት እንደነበረም አልደበቅኋቸውም። ስመኘው ይህንንም መለሰ።

በመጨረሻ ማጠቃለያዬ ላይ የጻፍኩትን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ተናገርኩ፤ እንቅፋቱ የሚጠፋው የማይክሮዌቩ ምትና የኤሌክትሮኑ ዙር እኩል ሲሆኑ ነው። መቋሚያ ተውሼም ሞገደኛውን መስመር አፈሩ ላይ ሣልኩት። እኩል በሚሆኑበት ቦታ ጠጠር አስቀመጥኩ።

ስመኘው አልመለሰም። ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ።

«እቴ፣ እንቅፋቱ የሚጠፋው እኩል ሲሆኑ ነው ብለሻል። ጠጠሩም እኩል ከሆኑበት ላይ ነው። ታዲያ ጉድጓዱ ለምን ከጠጠሩ ጎን ሆነ?»

አየሁት። መስመሩን ትክክል ሥያለሁ፤ በኮምፒውተር ከመቶ ጊዜ በላይ ስለሣልኩት እጄ አይስትም። እኩል በሚሆኑበት ቦታ ላይ ማይክሮዌቩ የበራም ያልበራም አንድ ነው፤ እንቅፋቱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሚወርደው ማግኔቱ ትንሽ ሲላላ ነው፤ ኤሌክትሮኑ አንድ ዙር ሲጨርስ ማይክሮዌቩ አንዱን ምት ጨርሶ የሁለተኛውን ሩብ ገደማ ሲሄድ። ማጠቃለያውን ስጽፍ ነገሩን ለማቅለል ብዬ ሩቡን ጣልኩት። ሁለት ነገር ሲገጥም መልካም ነገር ይመጣል የሚለው ሐሳብ ስለጣመኝ ደግሜ አላየሁትም። ያ ገጽ ደግሞ አሁን በሦስት ፈታኞች እጅ ነው።

ተሳስቻለሁ አልኩ፤ ድምፄ ጠፍቶ ስለነበር የኔታ እንድደግመው ጠየቁኝና ደገምኩት።

«እጅሽ ያውቀዋል» አሉ የኔታ። «አፍሽ ነው ገና የቀረው። አቃንተሽ ተናገሪው።»

አቃንቼ ተናገርኩ። ስመኘው መለሰ፤ ቀጥሎ አሥራ አንዱም በተራ መለሱ። አንዱ «ሩብ ሲሄድ» ብሎ ሲጨርስ «ሩብ ገደማ» ብዬ አረምኩት፤ ልኬቱ ሁልጊዜ በትክክል ሩብ ላይ ስለማያርፍ። ከዚያ በኋላ ማንም «ገደማ»ን አልረሳም።

ስመኘው በነገሩ ተደስቶ፣ በነሱም ቤት መቋሚያው ወርዶ ከበሮው የሚመታው ጥቂት ቆይቶ እንደሆነ፣ አብረው ከወረዱ የኔታ እንደሚያስቆሟቸው ነገረኝ። የኔታ ግን እጃቸውን አነሡ። «ከበሮ ከበሮ ነው፤ የሷ ነገር የሷ ነው። ስለተመሳሰለ አንድ ነው አትበል።» የጥንቃቄ ትምህርት ብዙ ቦታ ተምሬያለሁ፤ ከዚህ የበለጠ አጭር ግን አልሰማሁም።

ሐሙስ፤ ወደ ደብረ ማርቆስ

ጠዋት ልሰናበታቸው ስል ሌሊቱን ሲከነክነኝ ያደረውን ጠየቅኋቸው። ዓርብ ዕለት ትክክለኛውን ብናገርና ስለ ማጠቃለያው ዝም ብል ምናልባት ማንም ላያስተውል ይችላል። ስሕተቴን ራሴ ባወጣው ግን፣ የራሷን ሥራ በአንድ ገጽ በትክክል መጻፍ የማትችል ሰው ማን ይቀጥራል?

የኔታ በዚህ ቤት የተሳሳተ ሰው የሚያቃናው ስሕተቱን በሰሙት ሰዎች ፊት እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ የራሳቸውን አጫወቱኝ። ከብዙ ዓመት በፊት አንዱን ዝማሜ፣ ማለትም የመቋሚያውን አወዛወዝ፣ አንድ ክረምት ሙሉ አሳስተው አስተማሩ። ሲያውቁት ተማሪዎቹን ሰብስበው አቃኑ። አንዱ ተማሪ ግን ተመርቆ ደምበጫ አጠገብ ባለ ደብር አገልግሎት ጀምሮ ነበር።

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ሄድኩ።»

«በእግር?»

«ያን ጊዜ መኪናው የት ነበር? ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሲያየኝ ሰው የሞተበት መስሎት ደነገጠ። የመጣሁት ለአንዲት የመቋሚያ አነሣሥ ነው ስለው መሬት ላይ ቁጭ አለ።»

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ስመኘው ሻንጣዬን ይዞ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኝ፤ ስልክ ቁጥሩንም ሰጠኝ። የኔታ የሆነውን ለመስማት እንደሚጠብቁ፣ እሱም እንደሚጠብቅ ነገረኝ። ደጀን ተመልሼ ወደ ማርቆስ የሚሄድ አውቶቡስ ያዝኩ። ከሉማሜ ወዲህ ሰማዩ ከብዶ ነበር፤ ማርቆስ ስገባ ያካፋል። ባጃጅ ይዤ ከመናኸሪያው ብዙ ወዳልራቀ አልጋ ቤት ሄድኩ። እራት ሽሮ በላሁ፤ ከግማሹ አላለፍኩም። ከተማዋ ንጹሕና ቀዝቃዛ ናት። በመስኮት ስመለከት ሰዎች ከዝናብ የተጠለሉትን ፈረሶች ግንባር እየዳሰሱ ያልፉ ነበር።

ዓርብ፤ ሰሌዳው ፊት

ክፍሉ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። ሦስቱ ፈታኞች ከፊት ተቀምጠዋል፤ ማጠቃለያዬ በእያንዳንዳቸው ፊት አለ። ሰብሳቢው መነጽር ያደረጉ፣ ፀጉራቸው ሸበት ያለ ሰው ናቸው። ስሜን ጠርተው ጀምሪ አሉኝ።

ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ ካየሁት እንደማነበው ስለማውቅ።

«በላክሁላችሁ ገጽ ላይ ሦስተኛው አንቀጽ ስሕተት ነው» አልኩ። «ከሱ ልጀምር።»

ጠመኔ አንሥቼ ሞገደኛውን መስመር ሣልኩ። እኩል የሚሆኑበትን ቦታ ምልክት አደረግኩ። የጻፍኩትን ነገርኳቸው፤ ለምን እንዳልሆነ አሳየሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ ስለ ስሱ ወለል፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ማግኔቱ አስረዳሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር በጨረስኩ ቁጥር ስመኘው ሲመልሰው በጆሮዬ እሰማ ነበር፤ ስለዚህ አልቸኮልኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰዎቹን ፊት አየሁ። አንዲት ተማሪ በሁለተኛው ረድፍ መስመሩን በደብተሯ ገልብጣ ጠጠሩ ያለበትን ቦታ በክብ ታጥር ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የሣልኩት ጠጠር መሆኑን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ከፈታኞቹ አንዱ እንቅፋቱ ለምን እስከ ዜሮ እንደሚወርድ ጠየቁኝ። ከአንድ በላይ ማብራሪያ እንዳለና ሊቃውንቱ ገና በአንዱ እንዳልተስማሙ፣ እኔ ያሰላሁት በየትኛው እንደሆነና የት ላይ ከልኬቱ እንደማይገጥም ተናገርኩ። የማላውቀውን አላውቀውም አልኩ። ሌላኛው ድምፄ ከኋላ እንደማይሰማ ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው።

ሰብሳቢው ምንም አልጠየቁም። ሁሉም ሲነሣ የማጠቃለያዬን ቅጂ ወደ እኔ አዞሩት። ሦስተኛው አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል፤ በጠርዙ ላይም አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ አለ።

«ጥያቄዬን ወሰድሽብኝ» አሉ። «ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።»

ግቢው ውስጥ ከአንድ የባሕር ዛፍ ሥር ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ አስጠርተውኝ ከኅዳር ጀምሮ ሥራ እንደምገባ፣ እስከዚያ ድረስም ድምፄን ከፍ ማድረግ እንድለማመድ ነገሩኝ።

ቅዳሜ፤ ወደ ቤት

አውቶቡሱ ለምሳ ደጀን ሲቆም በልቼ ለመጨረስ አልጠበቅሁም። የወይዘሮ አለሚቱን ሱቅ እየጠየቅሁ አገኘሁት፤ በባልዲና በጀሪካን ተከበው ተቀምጠዋል። ያን ዕለት የነገርኳቸው ትክክል እንዳልነበረ፣ የተማርኩት ማሞቂያውን መጠገን እንዳልሆነ ነገርኳቸው። አምስት ደቂቃ ብቻ ነበረኝና ስለ አውድማው፣ ስለ በሬዎቹና ስለ ሩቧ ዙር ባጭሩ አስረዳኋቸው። አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው አዳመጡኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህንን ይዘሽ ነው ያን ሁሉ በረሃ ዝም ብለሽ የወረድሽው?» አሉ። ከዚያ አዲስ አበባ በስንት ሰዓት እንደምደርስ ጠይቀው ሁለት ዳቦ በፌስታል አስያዙኝ። በዚህ ጊዜ ስሜን ጠየቁኝ። ትርንጎ እባላለሁ አልኳቸው።

ዓባይን ስንሻገር የመስኮቱን መጋረጃ ከፍቼ ማሳዎቹንና ገደሉን እያየሁ ሄድኩ። ስወርድ ያጎነበስኩበትን መንገድ ስወጣ በደንብ አየሁት። ሰባት ዓመት በአንዲት ጎጆ ኖረው የሰሙትን ሳያጎድሉ የሚመልሱ ሰዎች፣ ለአንዲት አነሣሥ ሦስት ቀን የሚሄዱ መምህር፤ በዚህች አገር ጥንቃቄ እንዲህ ተከብሮ የሚኖርበት ቦታ መኖሩን ከፊዚክስ ክፍል ውጭ አልጠበቅሁም ነበር። እኔ ጥንቃቄዬን ዝም የማለት ምክንያት አድርጌው ኖሬያለሁ። እነሱ ግን ተጠንቅቀው ይናገራሉ፤ ሲሳሳቱም ተናግረው ያቃናሉ።

ቤት ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። እህቴ በሩ ላይ እንደቆመች ሁሉንም ነገርኳት፤ ከዚያ ለስመኘው ደወልኩ። የኔታ አጠገቡ ነበሩ፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። ሥራውን ማግኘቴን ስነግረው «እሰይ» አለና ወዲያው የኔታ የሚሉትን አስተላለፈልኝ። የሚጠይቁት ስለ ሥራው አልነበረም።

«በሰሙት ፊት አቃናሽው?»

«አቃናሁት» አልኩ።

ከዚያ ስመኘው ጉሮሮውን ጠረገና ሳልጠይቀው፣ በዚያ ጥርት ባለ ድምፁ፣ መመለስ ጀመረ። ስሱን ወለል፣ አውድማውን፣ ማግኔቱን አንድ በአንድ አለፈ። እህቴ እንድትሰማ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት። «ኤሌክትሮኑ አንድ ዙር ሲጨርስ» አለ ስመኘው፣ «ማይክሮዌቩ አንዱን ምት ጨርሶ የሁለተኛውን ሩብ...» ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ገደማ» አለ።